ባዶ እግር በሮም፣ ጫማ በቶኪዮ

ከሥራ መልስ አልፎ አልፎ በምሄድበት ጂም ውስጥ አንድ ወጣት ስኒከሩን አወለቀ፤ ካልሲውንም ጠቅልሎ ከውስጡ ወሸቀና በባዶ እግሩ የመሮጫው ማሽን ላይ ወጣ። አሠልጣኙ ቀረብ ብሎ «ወንድሜ፣ ያለ ጫማ አይቻልም፤ ደንቡ ግድግዳው ላይ ተጽፏል» አለው። ወጣቱም ማሽኑን ሳያቆም «አበበ ቢቂላስ?» ሲል መለሰ። በዙሪያው የነበርነው ሁሉ ሳቅን፤ አሠልጣኙም የሚለው ጠፋው።

መልሱ ለጨዋታ ያህል ጥሩ ነበር። ይሁንና ውድ አንባቢ፣ ጥያቄውን በቁም ነገር ብንይዘውስ? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠው ለምን ነበር? ለዚህ ጥያቄ ዓለም ሁለት መልስ አዘጋጅቶ ቆይቷል። የውጭው ሰው «ጫማ የሌለው የድሃ አገር ልጅ ስለ ነበረ» ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ «ጀግና ስለ ነበረ» ይላል። አንዱ ሊያዝንለት፣ ሌላው ሊኮራበት ይፈልጋል፤ ሰውየው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምን አመዛዝኖ እንደ ወሰነ ግን ሁለቱም አይጠይቁም።

አበበ በ1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ በእረኝነት አድጎ፣ ኋላም ክቡር ዘበኛ የገባ ወታደር ነው። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ወደ ሮም ከመሄዱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ የማራቶን ማጣሪያ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጧል። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን 2፡23፡03.2 ነበር። እንግዲህ ስሙን ማንም የማያውቀው ወታደር የኦሎምፒኩን ክብረ ወሰን፣ ያውም አየሩ በሚሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ፣ አስቀድሞ አልፎት ነበር ማለት ነው። የሮሙ ድል ድንገት ከሰማይ የወረደ አልነበረም።

ወደ ጫማው እንመለስ። ልምምዱን አንዳንዴ በጫማ፣ አንዳንዴም ያለ ጫማ ያደርግ ነበር። ሮም ከደረሰ በኋላ የሆነውን ሰዎች በሁለት መንገድ ይተርኩታል። አንዱ ትረካ አዲዳስ ለአትሌቶች ካቀረባቸው ጫማዎች የቀሩት ጥቂት ስለ ነበሩ ለእግሩ የሚሆን አልተገኘም ይላል። ሌላው ደግሞ እዚያው የተገዛው አዲስ ጫማ እግሩን አቁስሎት ነበር ይላል። የትኛውንም ብንቀበል ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ የተገኘው ጫማ ለእግሩ አልሆነም። 42 ኪሎ ሜትር በሚቆረቁር ጫማ መሮጥ ወይስ በለመደው ውስጥ እግር? አበበ ሁለተኛውን መረጠ። እኔ በዚህ ውስጥ የማየው እግሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ሰው ውሳኔ ነው። አዲስ ጫማ አድርጎ ሠርግ የዋለ ሁሉ የምርጫውን ብልኅነት ሳይረዳው አይቀርም።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960) ነበር። 69 ሯጮች ካምፒዶልዮ ከሚባለው ኮረብታ ሥር ከአመሻሹ 11፡30 ላይ ተነሡ። እስከዚያ ዘመን የኦሎምፒክ ማራቶን ቢያንስ መነሻው ወይም መድረሻው ስታዲየም ውስጥ ነበር፤ የሮሙ ግን ከስታዲየም ሳይነሣ፣ ወደ ስታዲየምም ሳይገባ፣ በጥንታዊቷ ከተማ ፍርስራሾች መካከል የሚያልፍ ነበር። ሙቀቱን ሽሽት ወደ ምሽት የተገፋው ውድድር ሲጋመስ ጨለመ። ሯጮቹ የጥንት ሮማውያን በድንጋይ ባነጠፉት በአፒያ መንገድ ሲመለሱ፣ የኢጣልያ ወታደሮች ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። አገር ቤት ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነውና፣ በዚያው ምሽት በየደጁ ችቦ የሚለኮስበት ሰዓት ነበር።

ከአበበ ጋር እስከ መጨረሻው አካባቢ የዘለቀው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነበር። ኒስካነን «26 ቁጥርን ተጠንቀቅ» ብሎት ስለ ነበር፣ አበበ 26ን በዓይኑ ሲፈልግ ነበር ይባላል፤ ራዲ ግን የለበሰው 185ን ነበር። አበበና አሠልጣኙ መንገዱን ቀድመው ሲያጠኑ አንድ ምልክት መርጠዋል። ይኸውም የፋሺስት ጦር ከአክሱም ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1937 ሮም ላይ ያቆመው ሐውልታችን ነበር። ከፍጻሜው ብዙ በማይርቀው በዚያ ሐውልት አጠገብ ሲደርስ አበበ ተፈትልኮ ወጣ። በኮንስታንቲን ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2፡15፡16.2 ነበር። ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ደረሰ። አበበ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዝግቦ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆነ። (ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል።)

ከዚህ በኋላ ያለውን የታሪኩን ክፍል ብዙ ሰው ይዘልለዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 አቴንስ ላይ በጥንታዊው የማራቶን መንገድ ሲሮጥ አሁንም በባዶ እግሩ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ጃፓን ሄዶ በማይኒቺ ማራቶን ሲሳተፍ ግን የጫማ ፋብሪካ ባለቤቱ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ወዳረፈበት ሆቴል ድረስ መጥቶ አነጋገረው። ኦኒትሱካ ራሱ እንደ ተረከው፣ የጃፓን መንገድ ስብርባሪ ጠርሙስ አይጠፋውምና ጫማ ቢያደርግ እንደሚሻለው አስረዳው። አበበም በኦኒትሱካ ጫማ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964) ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስድ ያጠለቀው ፑማ ነበር። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም። ሰዓቱ 2፡12፡11.2 ሆነ፤ ከሮሙ በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ይፈጥናል። ሁለተኛው ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ሲገባ፣ አበበ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ለጫማው የምንሰጠው አይደለም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሰውየውም በስሎ ነበር። ይሁንና ባዶ እግር የኃይሉ ምሥጢር ቢሆን ኖሮ ቶኪዮ ላይ ባልጣለው ነበር። የሚሆን ጫማ ሲያገኝ አደረገ፤ ሳያገኝ ተወው።

በእኛ አገር ባዶ እግር ብዙ ትርጉም አለው። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን፤ መስጊድ የሚገባውም እንዲሁ። ይህ በፈቃድ የሚሆን ነው። በግድ የሚሆነውም አለ። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው የደጋው ቀይ አፈር፣ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ሲያርስበት የኖረውን ሰው እግር ያሳብጣል። ሕመሙን በተለምዶ ዝሆኔ እንለዋለን። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑን በኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ በሕክምናው ቋንቋ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን እንደሚሠቃዩበት ይገመታል። መከላከያው ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም። የሮሙን ሌሊት እያነሣን ባዶ እግርን ስናሞግስ፣ በእብጠቱ አፍሮ ከሠርግም ከገበያም የቀረው ገበሬ ይሰማናል። ለእርሱ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ከቶኪዮ ሜዳሊያ አያንስም።

ጂሙንም ሳልረሳ። «ጂምናዚየም» የሚለው ቃል የመጣው ዕራቁት ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ጥንት ግሪኮች በዚያ ስፍራ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ያለ ጫማም ይለማመዱ ነበርና። በዕርቃን ስም የተጠራ ቤት ዛሬ ጫማ የሌለውን ከበር ሲመልስ ማየት ፈገግ ያሰኛል። ይሁንና ደንቡ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። የማሽኑ ምንጣፍ ውስጥ እግርን እየፈተገ ይልጣል፤ በላብ የረጠበ ወለልም የእግር ጣት ፈንገስ ያዛምታል። በሌላ በኩል ለሩጫ የተሠራ ለስላሳ ሶል ከባድ ብረት ለሚያነሣ ሰው አይመችም፤ ከሥሩ እየተጨፈለቀ ሚዛን ያሳጣል። ስለዚህ ኦሎምፒክ ላይ ክብደት የሚያነሡት ተረከዙ ከፍ ያለና ጠንካራ ጫማ ያደርጋሉ። ብረቱን ከመሬት እስከ ወገብ ብቻ የሚያነሡት ብዙዎች ደግሞ ቀጭን ሶል ወይም ባዶ እግር ይመርጣሉ። 20 ኪሎ ብረት ጣት ላይ ቢወድቅ ግን ስኒከሩም ብዙ አያድንም። ወጣቱን እኔ ብጠየቅ ኖሮ፣ ከመሮጫው ወርደህ ወደ ብረቱ ሂድ እለው ነበር።

ባዶ እግር በዚህ ዘመን የሚሸጥ ዕቃም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 ክሪስቶፈር ማክዱጋል ስለ ሩጫ የጻፈው መጽሐፍ በአሜሪካ ብዙ ሰው ከጫማው አስወጣ። በማግስቱ ዓመት የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ጥናት አወጡ። ያለ ጫማ መሮጥ የለመዱ ሰዎች በአብዛኛው ተረከዛቸውን ሳይሆን የፊት እግራቸውን እንደሚያስቀድሙ፣ በዚህም ከመሬት የሚመለሰው ምት እንደሚቀንስላቸው አሳዩ። ነገር ግን ጥናቱ የለመዱትን እንጂ ትናንት ጫማውን ያወለቀውን የቢሮ ሠራተኛ አይመለከትም ነበር። ነጋዴው ይህን ልዩነት ለማስረዳት አልቸኮለም። ቪብራም የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ እንደ እጅ ጓንት ጣት ጣት ያለው ቀጭን ጫማ ይሸጥ ነበር። ያልተረጋገጠ የጤና ጥቅም አስነግሯል ተብሎ በአሜሪካ ተከሰሰና፣ ጥፋተኛነቱን ሳይቀበል እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ላቀረበው አንድ ሞዴል ያወጣለት ስም «ቢቂላ» ነበር። ሮም ላይ የሚሆን ጫማ ያጣው ሰው፣ ካረፈ ከ36 ዓመት በኋላ ስሙ የኢጣልያ ጫማ ላይ ተገኘ። ቤተሰቡ ስማችን ያለ ፈቃዳችን ለንግድ ዋለ ሲል እ.ኤ.አ. በ2015 በዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱም «ዘግይታችኋል» የሚል ነበር።