መጀመሪያ የሚፈለገው ዕቃ ከታች ሲቀበር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ ደብረ ብርሃን የሚወርደውን ሰው ሻንጣ ከሁሉም በታች ከጫነው ጉድ ነው! ደብረ ብርሃን ላይ የሁሉም ዕቃ ይወርዳል፣ ሰው ይነጫነጫል፣ ጊዜ ይባክናል። እ.ኤ.አ. በ1982 የእንግሊዝ ባህር ኃይል የገጠመው ችግርም ከዚህ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ ጭነቱ ስንቅና ትጥቅ፣ መንገዱም 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ኤፕሪል 2 ቀን አርጀንቲና የፎክላንድ ደሴቶችን ያዘች። በሦስተኛው ቀን ሄርሚስና ኢንቪንሲብል የተባሉት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ከፖርትስማውዝ ተነሱ። በዚያ ጥድፊያ ብዙ ዕቃ የተጫነው በተገኘው ቦታ ነበር፤ የብስ ሲረገጥ ቀድሞ የሚፈለገው ከታች ተቀበረ።

ጭነቱ የተስተካከለው መንገድ አጋማሽ ላይ፣ አሴንሽን በምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት ነው። ደሴቷ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ አላት፤ ትልቅ መርከብ ተጠግቶ የሚያራግፍበት ወደብ ግን አልነበራትም። ስለዚህ ዕቃው በሄሊኮፕተርና በጀልባ ከመርከብ ወደ መርከብ እየተዛወረ እንደገና ተደለደለ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቀድሞ የሚወርደው መጨረሻ ይጫናል።

ነዳጁስ? ከአሴንሽን ወዲያ ነዳጅ የሚቀዳበት ወዳጅ ወደብ በቅርብ የለም። እናም ነዳጅ ጫኝ መርከቦች አብረው ሄዱ። ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን፣ በእኩል ፍጥነት እየተጓዙ ነዳጁ በቱቦ ይተላለፋል። አንዱ ትንሽ ቢዘናጋ ወይ ይጋጫሉ፣ ወይ ቱቦው ይበጠሳል።

የባህር ኃይሉ መርከቦች ስላልበቁ መንግሥት የንግድ መርከቦችንም ወሰደ። አንዷ አትላንቲክ ኮንቬየር ነበረች። የጫነቻቸው የሃሪየር ጄቶች ቀደም ብለው ወደ አውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ስለበረሩ ተረፉ። ሜይ 25 ቀን ግን ሄሊኮፕተሮቹን ለማራገፍ ወደ ሳን ካርሎስ ስታመራ በኤክሶሴት ሚሳኤል ተመታች። 12 ሰዎች ሞቱ። ሦስት ቺኑክና ስድስት ዌሴክስ ሄሊኮፕተሮች፣ ድንኳኖችና መለዋወጫዎች ጠፉ። በዚያ ሰዓት አየር ላይ የነበረ አንድ ቺኑክ ብቻ ቀረ።

ወታደሮቹን ወደ ስታንሊ ያደርሳሉ የተባሉት እነዚያ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። እነሱ ሲጠፉ ብዙዎቹ ከባድ ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ በብርድና በረግረግ መሬት፣ በእግራቸው አቋረጡት። ብቸኛው ቺኑክም ያለ በቂ መለዋወጫ ጦርነቱ ሰኔ ውስጥ፣ ጁን 14 ቀን፣ እስኪያበቃ ሠራ።

ምህንድስና ስንማር ደጋግመው የሚነግሩን ነገር አለ፦ አንድ ክፍል ሲበላሽ ሥራው ሁሉ የሚቆም ከሆነ ንድፉ አደጋ ላይ ነው። እርግጥ ቺኑክ ግዙፍ ነው፤ የሚጭነው መርከብ እንደልብ አይገኝም። ለዚህ ነው ዕቅድ አውጪዎች ሁልጊዜ በሁለት ጥያቄዎች መሃል የሚጨነቁት፦ ቀድሞ የሚፈለገው የቱ ነው? ይሄ መርከብ ባይደርስስ?