ዋይልድ (የቡና ቅጽል)

ዋይልድ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ዊልደ» የነበረ ቅጽል ነው። ሰው ያላላመደውን እንስሳ፣ ያልዘራውን ተክልና ያልሰፈረበትን ምድር ይገልጻል፤ ሥርዓት የለቀቀ ሰውም በዚሁ ቃል ይጠራል። አማርኛም ከ«ዱር» «ዱርዬ»ን አውጥቷል።

በቡና ንግድ ዋይልድ ማለት ከደን የተለቀመ ማለት ነው። አማርኛው «የጫካ ቡና» ይለዋል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ግን አንድ ቃል አይበቃም። በደኑ ውስጥ ራሱ በቅሎ ራሱ የሚያፈራው የጫካ ቡና ነው። ገበሬው ከሥሩ ቁጥቋጦ መንጥሮ፣ ዋንዛውን ለጥላ አስቀርቶ፣ በሳሳበት ችግኝ የተከለበት ከፊል የጫካ ቡና ይባላል። ከቤት ጀርባ ያለው የጓሮ ቡና ነው፤ የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። በውጭ አገር ከረጢት ላይ የሚታተመው ዋይልድ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውንም ስለሚጠቀልል የገበሬውን ድካም ይሸፍናል፤ ይህ ቅር ሊያሰኝ ይገባል።

ቃሉ በትክክል የሚገባው የዓረቢካ ቡና መገኛ ለሆኑት ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። ዩኔስኮ የካፋንና የያዩን ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል።