«ስፕራይት» ስለተባለው ቃል ታሪክና ስለ አማርኛ አቻው

አዲስ ነገር ሲፈጠር ስሙ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ምንጮች ከአንዱ ይቀዳል፤ ይኸውም ከሚሰጠው አገልግሎት፣ ከአሠራሩ ወይም ከሚመስለው ነገር ነው። ከእነዚህ መካከል ዕድሜ የሚኖረው የትኛው እንደሆነ ለመረዳት፣ በቴሌቪዥን የጨዋታ መሣሪያ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚለውን ትንሽ ምስል ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን። እንግሊዝኛው ዛሬ «ስፕራይት» ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ቃል ሲሰማ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ለስላሳ መጠጡ ስለሆነ፣ ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ ለተማሪው የሚፈነጥቅለት ትርጉም የለም።

አታሪ ቪሲኤስ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ሲቀርብ የሥራ ማስታወሻው 128 ባይት ብቻ ነበር። በዚህ ውስጥ የአንድ ስክሪን ሙሉ ሥዕል ሊቀመጥ አይችልም። ስለሆነም በማሳያው ቺፕ ላይ አምስት ምስሎችን በየራሳቸው የሚያንቀሳቅስ ክፍል ተበጀ፤ እነርሱም ሁለት «ተጫዋቾች»፣ ሁለት «ሚሳይሎች»ና አንድ «ኳስ» ተባሉ። ስሞቹ የተወሰዱት መሣሪያው በተለይ ከታሰበላቸው ጨዋታዎች፣ ከታንክ ውጊያና ከኳስ ቅብብል ነው። ቺፑ «የተጫዋቹን» ምስል የሚይዘው ስምንት ነጥብ ባለው አንድ ረድፍ ብቻ ስለነበር፣ የቴሌቪዥኑ ጨረር ከመስመር ወደ መስመር ሲወርድ ፕሮግራሙ እየተከተለ ቀጣዩን ረድፍ ማቀበል ነበረበት።

ከአገልግሎት የተቀዳው ስም ግን ብዙም ሳይቆይ ከአገልግሎቱ ጋር ተጣላ። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው «አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታ ዋናው ጀግና የተሠራው «በኳሱ» ሲሆን፣ «ሚሳይሎቹ» ደግሞ የግድግዳ ሥራ ተሰጣቸው። ኳሱ ሰው፣ ሚሳይሉ ግድግዳ ሲሆን ስሙ አሳሳች ሆነ ማለት ነው።

«ስፕራይት» የሚለው ስም የመጣው ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው የማሳያ ቺፕ 32 ምስሎችን ከዳራው በላይ ያንሳፍፍ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሁለት ቁጥሮችን፣ የአግድሙንና የቁልቁሉን፣ ሲለውጥ ምስሉ ዳራውን ሳያበላሽ ቦታውን ይለውጣል። በአንድ አግድም መስመር ላይ ግን ከአራት በላይ አይታዩም፤ አምስተኛው ይሰወራል። እንግሊዝኛው ቃል ትንሽ መንፈስን ያመለክታልና ስሙ ለጠባዩ ተስማማ።

ከአሠራር የተቀዳም ስም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኮሞዶር 64 ቺፕ ሰነድ፣ 24 በ21 ነጥብ የሆኑትን ስምንት ምስሎች «ተንቀሳቃሽ ቁራጭ» የሚል ይዘት ባለው ረጅም ስም ይጠራቸዋል። ለተጠቃሚው የተጻፈው መጽሐፍ ግን «ስፕራይት» ይላል፤ በሕዝብ አፍ የጸናውም ይኸው ነው።

ዛሬ ነገሩ ራሱ ተለውጧል። የጥንቱን መሣሪያ አስመስሎ በተሠራው በፒኮ-8 ላይ ምስሉን የሚያንሳፍፍ ልዩ ክፍል የለም፤ ፕሮግራሙ 8 በ8 ነጥብ የሆነውን ምስል በሴኮንድ 30 ወይም 60 ጊዜ እንደገና ይሥለዋል። ሆኖም ከ1977 ጀምሮ ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ፤ የምስሉ ባዶ ነጥቦች ዳራውን አይጋርዱም።

አቻውን ስንፈልግ በመጀመሪያ «መንፈስ» የሚለውን መረመርን። የላቲኑ ሥር «መተንፈስ» ከሚል ሐሳብ እንደወጣ ሁሉ፣ የእኛም ቃል ከ«ነፈሰ» ጋር ዝምድና ስላለው ተቀራራቢ ነው፤ ነገር ግን በሃይማኖት ያለው ክብደት ለጨዋታ ምስል አይመችም። «ተንቀሳቃሽ ሥዕል» ደግሞ ለፊልም የተያዘ ነው። ስለሆነም «ተንሳፋፊ ምስል» የሚለውን እናቀርባለን። ቅጠል በውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ውኃውን እንደማያደፈርሰው፣ ይህም ምስል በዳራው ላይ ሲያልፍ ዳራው እንዳለ ይኖራል።

ተንሳፋፊ ምስል፦ በስክሪን ዳራ ላይ ዳራውን ሳይለውጥ የሚታይና በፕሮግራም ትእዛዝ ቦታውን የሚቀያይር ትንሽ ምስል።

በዚህ ፍቺ ውስጥ ስለ ቺፕ ምንም ያላነሣነው ሆን ብለን ነው። ቺፑ ያረጃል፤ ስሙ ግን ከእርሱ ጋር እንዲያረጅ አንፈልግም።