ስለ ፈረንሳይኛ ኃላፊ ትንቢት፤ በአገራችንም ስለ ነበረው ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ውስጥ ስለ ፈረንሳይኛ ግሥ እርባታ የሚናገር ጽሑፍ መገኘቱ አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። በአሰላ ገበያ የሚሰማው ኦሮምኛና አማርኛ ነው፤ በክፍላችንም ከውጭ አገር ቋንቋ የምንማረው እንግሊዝኛን ነው። ነገር ግን አያቶቻችን ከአርሲ ደጋ ወደ አዳማ ወርደው ባቡር በሚሳፈሩበት ዘመን፥ በጣቢያው የሚጻፈውና ሹማምንቱ የሚነጋገሩበት የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም በፈረንሳይኛ «ላ ጋር»፥ ማለትም የባቡር ጣቢያ፥ ከሚለው የመጣ ነው። «ቢሮ»ም የዚያው ቋንቋ ቃል ነው። እንግዲህ ቃላቱን እንደ ዘበት ስንናገራቸው ከኖርን፥ ግሡ እንዴት እንደሚረባና ማን ይማረው እንደ ነበረ ማወቁ ተገቢ መስሎ ታየን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው ብዙ የሚቸገርበት አንድ ጊዜ አለ፤ ፈረንሳዮቹ «ፉቱር አንቴሪየር» ይሉታል። እኛ «ኃላፊ ትንቢት» ብንለው ያስኬዳል። ነገሩ ገና የሚመጣ ነው፤ ሌላ የሚመጣ ነገር ከመድረሱ በፊት ግን ያለቀ ሆኖ ይቈጠራል። አሠራሩ ረዳት ግሡን በትንቢት አርብቶ የዋናውን ግሥ ኃላፊ ቅጽል ከኋላው ማስከተል ነው። «መጨረስ»ን ብንወስድ «ዦሬ ፊኒ፥ ቱ ኦራ ፊኒ፥ ኢል ኦራ ፊኒ፥ ኑዞሮን ፊኒ፥ ቩዞሬ ፊኒ፥ ኢልዞሮን ፊኒ» እየተባለ ይወርዳል። ይህ ረዳቱ «አቯር»፥ ማለትም «መያዝ፥ መኖር ለአንድ ሰው» የሆነለት ነው። መሄድ፥ መምጣት፥ መድረስ፥ መወለድ፥ መሞትና እነዚህን የመሰሉ ግሦች ግን «ኤትር»ን፥ ማለትም «መሆን»ን፥ ረዳት ያደርጋሉ፤ «ዠ ስሬ ፓርቲ፥ ቱ ስራ ፓርቲ፥ ኢል ስራ ፓርቲ» ይባላል። በነዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ። የምትሄደው ሴት ስትሆን በቅጽሉ መጨረሻ አንዲት ፊደል ትጨመራለች፤ ብዙ ሲሆኑም ሌላ ይጨመራል፤ ሲነበብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱም አይሰማም። «ሄዷል» እና «ሄዳለች» በጆሮ ለሚለዩበት ለእኛ፥ የማይሰማ ሴትነት መጻፍ ትርፍ ድካም ይመስላል።

መቸም ግሥ ማርባት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። ፈረንሳዊ መምህር ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የቅኔ ተማሪ በጎጆው ውስጥ ሆኖ «ቀተለ»ንና «ቀደሰ»ን፥ «ባረከ»ንና «ተንበለ»ን አርእስት አድርጎ ግሥ ያወርድ ነበር። ኃላፊ፥ ትንቢት፥ ዘንድ፥ ትእዛዝ፥ ቦዝ የሚሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ግሡን በሦስት ክፍል መድቦ በመጨረሻው ፊደል ሲለየው፥ ከቅኔ ቤት የወጣ ልጅ መንገዱን ሳያውቀው አልቀረም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የሁለቱ ቋንቋዎች ትንቢት አሠራር ነው። የፈረንሳይኛው ትንቢት የመጣው ከላቲን ንግግር ነው፤ ንዑስ አንቀጹን ተናግረው «አለኝ» የሚለውን ከኋላው ያስከትሉ ነበርና፥ ሁለቱ በጊዜ ብዛት ተጣብቀው አንድ ቃል ሆኑ። በአማርኛም «ይሄዳል» ስንል «ይሄድ» እና «አለ» ተጣብቀው ነው። ሳይተያዩ ሁለቱም በአንድ መንገድ ሄዱ ማለት ነው። ታላቁ ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን እንዲህ ያለውን ነገር በብርቱ የመረመረ ሰው ነው። ከ1910 እስከ 1911 በኢትዮጵያ ቈይቶ ሄደ፤ በ1924 የሴም ቋንቋዎች ግሥ ጊዜን እንዴት እንደሚገልጥ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1936ም ሰፊ የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ።

ኃላፊ ትንቢቱ ራሱስ በአማርኛ አለን? አለ፤ ቦዙን ተናግረን «ይሆናል»ን እናስከትላለን። «ማታ ስትመጣ ጨርሼ እሆናለሁ» ቢባል ይገባል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ይህን ቅርጽ የሚናገረው ለትንቢት ሳይሆን ለግምት ነው። የአሰላ ሰው አዳማ ላይ ቀጠሮ የያዘለት ወዳጁ ቢዘገይበት «ባቡሩ አምልጦት ይሆናል» ይላል። ፈረንሳዊውም በዚያው ጣቢያ ቆሞ ቢሆን ይህንኑ አሳብ በኃላፊ ትንቢት ነው የሚናገረው፤ «ኢል ኦራ ማንኬ ለ ትረን» ይላል። በኦሮምኛም «ተአ» የሚለው ግሥ «ይሆናል» ማለት ሆኖ ግምትን ያመለክታል። በሌላ ቦታ ግን ይለያያሉ። እኛ «ሥራህን ስትጨርስ ትመጣለህ» የምንለውን ፈረንሳይኛ «ካን ቱ ኦራ ፊኒ፥ ቱ ቪየንድራ» ብሎ መጨረሱንም መምጣቱንም በትንቢት ካላስቀመጠ አይረካም። እንግሊዝኛ አስቀድሞ የተማረ ልጅ በዚህ ላይ በብዛት ይሳሳታል፤ በእንግሊዝኛ ከ«በ… ጊዜ» በኋላ ትንቢት አይገባምና።

አንድ ግሥ በትክክል መተርጐሙ ለአገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ኢትዮጵያ ቀድማ አይታዋለች። በ1889 በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግሥ ግን ፈቅደው ግዴታ የገቡ አስመሰለው። በአንድ ግሥ ምክንያት የተነሣው ክርክር በ1896 ወደ ዓድዋ አደረሰ። የአውሮፓን ቋንቋ የሚያውቁ የአገር ልጆች ማፍራት ያስፈለገውም ከዚህ የተነሣ ጭምር ነው። በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የግብጽ ቅብጦች የሆኑ መምህራንም መጡ። በ1917 የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ደረሰ። በ1925 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በነዚህ ትምህርት ቤቶች ከውጭ ቋንቋዎች ላቅ ያለውን ስፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እስከ ጦርነቱም ድረስ የተማረው ሰውና የዲፕሎማቱ መግባቢያ እርሱ ሆኖ ቈየ።

ትምህርት ቤቱን ያቆሙት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ፈረንሳይኛን የጀመሩት በሐረር ነው። አስተማሪዎቻቸው ከጓድሉፕ ደሴት የመጣው ሐኪም ዶክተር ቪታልየንና በካፑሲን ሚሲዮን የተማረው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። አባ ሳሙኤል በ1915 በሐረማያ ሐይቅ ላይ በደረሰው የጀልባ አደጋ ሞተ። ደቀ መዝሙሩ ግን ቋንቋውን አልተዉትም፤ ሆኖም በሰኔ ወር 1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው እየቻሉ የተናገሩት በአማርኛ ነው። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ብዙ ሰው ብዙ ይላል፤ እኛ ግን ሌላው አገር ተርጓሚ ፈልጎ እንዲሰማ ማድረጉ ራሱ ንግግር ነበር ብለን እናምናለን።

ከነዚያ ትምህርት ቤቶች የወጡት፥ ፈረንሳይና ሌላም አገር ተልከው የተመለሱት ወጣቶች ዕድል ግን የሚያሳዝን ነው። አገሪቱ እነርሱን ስታስተምር አሳቧ ሁሉ በኃላፊ ትንቢት የተነገረ ያህል ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች ተምረው ጨርሰው፥ መሥሪያ ቤቱን ተረክበው፥ መንገዱን ሠርተው ይገኛሉ የሚል ነበር። ጠላት በ1935 መጣ። ከነርሱ አንዳንዶቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ካሉበት ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ወደ ምዕራብ ዘመቱ። በየካቲት 12 ቀን፥ ማለትም በፌብሩዋሪ 19፥ 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ እልቂት ሲወርድ፥ የተማረ ወጣት እየተፈለገ ተገደለ። የውጭ ቋንቋ ማወቅ በዚያ ሰሞን እንደ ወንጀል ተቈጠረ። ከነጻነት በኋላ መንግሥቱ ጸሐፊና መምህር ሲፈልግ የጎደሉት እነዚህ ነበሩ።

ከ1941 በኋላ ነገሩ ተለወጠ። እንግሊዞች ከነጻ አውጪው ጦር ጋር ገብተው ነበርና የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ፈረንሳይኛ በ1947 በተከፈተው በልሴ ገብረ ማርያም ተጠለለ፤ ስሙም በ1937 ለአገሩ ሲዋጋ የወደቀው የደጃዝማች ገብረ ማርያም ነው። ወደ አርሲ የመጣው ዘመናዊ ትምህርት እንግሊዝኛን ይዞ መጣ፤ በ1967 ከስዊድን መንግሥት ጋር የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ በአጠራሩ ካዱ፥ አሰላን መቀመጫው ሲያደርግም የጽሕፈት ቤቱ የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር።

ሆኖም አርሲ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ውስጥ ሳትጻፍ አልቀረችም። የካፑሲን ሚሲዮን አባ የነበሩት አዛይስ በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ እየዞሩ የቆሙ ድንጋዮችንና ጥንታዊ መቃብሮችን መረመሩ፤ ከሮዤ ሻምባር ጋር ያዘጋጁትም መጽሐፍ በ1931 በፓሪስ ታተመ።

ከዚያ በኋላም ስማችን በፓሪስ የተሰማው በእግር ነው። በኦገስት 2003 በዚያ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የበቈጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር አንደኛ፥ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሁለተኛ ወጡ፤ የበቈጂዋ ጥሩነሽ ዲባባም በ5,000 ሜትር አሸነፈች። የፈረንሳይ ጋዜጠኞች የአንድን ሰው የሥራ ዘመን ጠቅልለው ሲናገሩ ደግሞ ይህንኑ ኃላፊ ትንቢት ያመጡታል። በ1996 በአትላንታ፥ በ2000 በሲድኒ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘውን፥ በ2008 በበርሊን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰኮንድ የሮጠውን ኃይሌን «ኢል ኦራ ጋኜ» ቢሉት፥ ቃል በቃል «አሸንፎ ይሆናል» ማለት ነው፤ አሳቡ ግን «በዘመኑ ሁሉ ሲያሸንፍ ኖረ» ነው። እዚህ ላይ አማርኛው «ይሆናል» አይረዳንም። ይህን ለአሰላ ሰው «አሸንፎ ይሆናል» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ ቢኖር፥ «እንዴት ይሆናል ትላለህ! አሸንፏል እንጂ» ተብሎ ይመለሳል።