አፍንጫ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና የደጋ አየር

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ዝቅ ይላል። በዚያ ፓምፕ የሚተክል ወይም ጄኔሬተር የሚመርጥ መሐንዲስ ይህን ጉድለት በሒሳቡ ያስገባል። የነዋሪው ሳንባም ለዚሁ ሕግ ተገዥ ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብም ደሙን ለመግፋት ይቸገራል። ይህን ጥበት ከሚያላሉት አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው።

ይህ ጋዝ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ከሞተር ጭስ ጋር በሚወጣ መርዝነቱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውነት ራሱ እንደሚሠራውና የደም ሥርን እንደሚያላላበት ስላረጋገጡ፣ ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፌሪድ ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቀደም ሲል በ1991 የስዊድን ተመራማሪዎች ጋዙን በሰው ትንፋሽ ውስጥ አግኝተውት ነበር። በ1995 ደግሞ ዮን ሉንድበርግና ባልደረቦቹ ትልቁ ምንጭ ሳይነስ የሚባሉት በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የአጥንት ክፍተቶች መሆናቸውን አሳዩ።

የጉንጭ ሳይነስ በአዋቂ ሰው 15 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይይዛል፤ ወደ አፍንጫ የሚከፈተው ቀዳዳ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው ጋዙን ሳያቋርጥ ያመነጫል፤ ምን ያህሉ እንደሚወጣ የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ነው። በሕፃናት ሳይነሱ ገና ስላላደገ በአፍንጫቸው የሚለካው መጠን ዝቅተኛ ነው። በ2002 ኤዲ ቫይትስበርግና ሉንድበርግ አፍን ገጥሞ ሲንጎራጎር ከአፍንጫ የሚወጣው ጋዝ በጸጥታ ከመተንፈስ ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ እንደሚደርስ ለኩ። የድምፁ ንዝረት በሳይነሱ ውስጥ ያለውን አየር ከአፍንጫው አየር ጋር ያለዋውጠዋል።

ይህ ለደገኛው ምን ይጠቅመዋል? በ2001 ሲንሲያ ቢልና ባልደረቦቿ የቲቤትና የቦሊቪያ ደገኞች ከቆላ ሰዎች የበለጠ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሳንባቸው እንደሚያስወጡ ዘገቡ። በ2002 ይህችው ተመራማሪ፣ አምሃ ገብረ መድኅን ከተባሉት ኢትዮጵያዊ ሐኪምና ከሌሎች ጋር፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ አማካይ የደም ኦክስጅናቸው 95.3 በመቶ መሆኑን አገኘች። እንዲህ ያለውን ጸጋ ለመረዳት የሳንባውን ጋዝ መለካት ያስፈልጋል፤ የአፍንጫው ጋዝ ከሳንባው እጅግ ስለሚበልጥ ግን ጥቂቱ እንኳ ቢቀላቀል ውጤቱን ያዛባል። ስለዚህ ተመርማሪው ተቃውሞ ባለው ቱቦ በአፉ እንዲተነፍስ ይደረጋል፤ ግፊቱ የላንቃውን ለስላሳ ክፍል አንሥቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል።

በሐኪም ቤትም ነገሩ ያው ነው። በአፍንጫ የሚለካው መጠን ማነስ አክታን የሚጠርጉት ረቂቅ ፀጉሮች ከትውልድ መታመማቸውን ሊጠቁም ይችላል፤ የሳይነሱ ቀዳዳ በእብጠት ሲደፈንም ቁጥሩ እንዲሁ ይወርዳል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሐኪም ሁለቱን አይለይም። እኛ መሐንዲሶች የቧንቧውን ጥበት ሳናውቅ በፍሰቱ ላይ እንደማንፈርድ ሁሉ፣ በሱሉልታ ከፍታ ትንፋሽ የሚለካ ባለሙያም አስቀድሞ አፍንጫውን ይመርምር።