የማይታየውን የሕፃን ኩላሊት ለማየት የተሄደበት መንገድ

በወላይታ ሕፃን ሲያተኩሰው ቀድመን የምንጠረጥረው ወባን ነው። በሁምቦና በብላቴ ቆላ ልጅ ያሳደገች እናት እንዲህ ብታስብ አይፈረድባትም። ነገር ግን አፉን ያልፈታ ሕፃን ትኩሳት ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሶ ቶሎ ካልታከመ ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ ጠባሳው ደግሞ ከውጭ አይታይም።

ራጅን ጀርመናዊው ሮንትገን ያገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ከተማረኩ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ራጅ አጥንትን ቢያሳይም ኩላሊትን አጥርቶ አያሳይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ሞዝስ ስዊክ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ በደም ሥር ተሰጥቶ በኩላሊት በኩል የሚወጣ መድኃኒት ሞክሮ የኩላሊትንና የሽንት ቧንቧን ቅርጽ በራጅ አሳየ። ቀጥሎም በቀጭን ቱቦ የሽንት ፊኛን በዚህ ዓይነት ፈሳሽ ሞልቶ፣ ልጁ ሲሸና ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይመለስ እንደሆነ ማየት የተለመደ ምርመራ ሆነ። ጠቃሚ ነው፤ ለሕፃኑም ለእናቱም ግን ከባድ ነው፣ ጨረርም አለበት።

አልትራሳውንድን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከእርግዝና ክትትል ነው። የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በብረት ውስጥ ስንጥቅ መፈለጊያ የነበረን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ለሰው አካል ሞክሮ ውጤቱን በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ለሴቶች የተጀመረው ነገር ለልጆቻችንም ተረፈ፤ ጨረር የለውም፣ መርፌም አይፈልግም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 24 ወር ያለ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩሳት ያለው የሽንት ኢንፌክሽን ሲይዘው አልትራሳውንድ እንዲነሣ፣ የቱቦው ምርመራ ግን ለሁሉም እንዳይደረግ መከረ።

አልትራሳውንድ ሁሉን ያውቃል ማለት ግን አይደለም። ኢንፌክሽኑን የሚለየው የሽንት ምርመራ ነው። አልትራሳውንድ ያበጠ ወይም የተዘጋ ኩላሊትን ያሳያል፤ ትንሽ ጠባሳ ሊያመልጠው ይችላል። ጠባሳን አጥርቶ የሚያሳየው ዲኤምኤስኤ የተባለው ምርመራ ነው። እሱ የሚጠቀምበት ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ የኑክሌር ሕክምና ክፍል ይፈልጋል። ለሶዶ እናት ይህ ሩቅ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ኩላሊት ጨርሶ ሲደክም ምን እንደሚመጣ ለጋሾቻችንም ያውቁታል። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት አቅም ያለው ውጭ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ እህቶች፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ይዛችሁ ስትሄዱ «ሽንቱስ ይመርመር?» ብላችሁ ጠይቁ። በእርግዝና ጊዜ የፅንሱ ኩላሊት አብጧል ተብላችሁ ከነበረ ያንን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል።