ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛ የሶፍትዌር የመጠቀም ፈቃድን የሚመለከቱ ጉዳዮች

ያገለገለ ኮምፒውተር መግዛት ለበርካታ ተማሪዎች፣ ጀማሪ ባለሙያዎችና አነስተኛ የንግድ ድርጅቶች አቅምን ያገናዘበ አማራጭ ነው። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ገብተው በገበያው አጠራር «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባሉ ከሚሸጡት ላፕቶፖች መካከል ቀደም ሲል በትላልቅ ድርጅቶች ሲሠራባቸው የቆዩ ይገኙበታል። ገዥዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት የባትሪውን ጥንካሬ፣ የስክሪኑን ደኅንነት፣ የራሙንና የሀርድ ዲስኩን መጠን ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑት ፕሮግራሞች በማን ፈቃድ እንደሚሠሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሻጩም «ሶፍትዌሩ ሙሉ ነው» ካለ ጉዳዩ እንዳለቀ ይቆጠራል።

ሆኖም ኮምፒውተሩን መግዛትና በውስጡ ባሉት ፕሮግራሞች የመጠቀም መብት ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮምፒውተር እንደማንኛውም ተንቀሳቃሽ ንብረት ባለቤትነቱ በሽያጭ ይተላለፋል። ሶፍትዌር ግን በአብዛኛው የሚሰጠው በመጠቀም ፈቃድ፣ በተለምዶ ላይሰንስ በሚባለው ውል ሲሆን፣ ይህ ውል ፕሮግራሙ በማን፣ በስንት ኮምፒውተሮች ላይና እስከ መቼ ሊሠራበት እንደሚችል ይወስናል። በመሆኑም ከዕቃው ጋር ወደ አዲሱ ገዥ የሚተላለፈው ሶፍትዌር የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው የፈቃዱን ዓይነት በመለየት ነው።

የዊንዶውስ ፈቃድ ዓይነቶች

በብዛት የሚያጋጥመው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ በመሆኑ ከእርሱ መነሳት ተገቢ ነው። ዊንዶውስ በሦስት ዋና ዋና የፈቃድ ዓይነቶች ይቀርባል።

የመጀመሪያው ኮምፒውተሩን ያመረተው ኩባንያ ከፋብሪካ ሲያወጣው አብሮ የጫነው ነው። ይህ ፈቃድ ከዚያው ኮምፒውተር፣ በተለይም ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊዛወር አይችልም፤ ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ግን አብሮ ይተላለፋል። ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ የፈቃዱ ቁልፍ በኮምፒውተሩ አካል ላይ በተለጠፈ ስቲከር ላይ ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ቁልፉ በፋብሪካ ማዘርቦርዱ ላይ ይመዘገባል። ስለዚህ የቁልፍ ስቲከር ባለመታየቱ ብቻ አዲሱን ኮምፒውተር ፈቃድ የለውም ማለት አይቻልም፤ የዊንዶውስ 7 ስቲከር ያለበት አሮጌ ኮምፒውተርም በላዩ ለተጫነው ዊንዶውስ 10 ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ማዘርቦርዱ በጥገና ወቅት በሌላ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣው ቁልፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው አንድ ተጠቃሚ ለብቻው በችርቻሮ የገዛው ፈቃድ ነው። ባለቤቱ ከአሮጌው ኮምፒውተር አንሥቶ ወደ አዲሱ ሊያዛውረው ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩን በሸጠ ማግስት ፈቃዱን ለራሱ ሊወስደው የሚችልበት ሁኔታ አለ። ሻጩ ፈቃዱን ከኮምፒውተሩ ጋር ማስተላለፉ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ ገዥው ሊተማመንበት አይገባም።

ሦስተኛውና ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለድርጅቶች በጅምላ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። አንድ ድርጅት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ኮምፒውተሮቹ በአንድ ውል ፈቃድ ሊገዛ ይችላል፤ ፈቃዱ የድርጅቱ እንጂ የኮምፒውተሩ አይደለም። ብዙ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት አሠራር እያንዳንዱ ኮምፒውተር በድርጅቱ ውስጥ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር እየተገናኘ ፈቃዱን ያድሳል። አንድ ጊዜ የተሰጠው ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለ180 ቀናት ብቻ ነው። ከድርጅቱ የወጣ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ስለማያገኝ፣ በተገዛ ዕለት ያለ እንከን ሲሠራ የነበረው ዊንዶውስ ከጥቂት ወራት በኋላ ፈቃድ እንደሌለው ማሳወቅ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ሻጩን ፈልጎ ማግኘትም ሆነ ችግሩ ከመጀመሪያው የነበረ መሆኑን ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል።

«አክቲቬት ሆኗል» የሚለው መልእክት ምን ያህል ያስተማምናል?

ሻጮች እንደ ማስረጃ የሚያሳዩት አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ አክቲቬት መሆኑን የሚገልጸውን መልእክት ነው። ይህ መልእክት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም በተለምዶ «ክራክ» ወይም «አክቲቬተር» የሚባሉት ፕሮግራሞች የድርጅት ሰርቨር መስለው በመቅረብ ተመሳሳይ መልእክት እንዲታይ ያደርጋሉ። መመልከት የሚገባው የመልእክቱን ሙሉ ቃል ነው። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ፣ በሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎም አክቲቬሽን የሚለው ገጽ ሲከፈት ዊንዶውስ በዲጂታል ፈቃድ መሥራቱን የሚገልጽ ቃል ከታየ ጥሩ ምልክት ነው። በድርጅት የአክቲቬሽን አገልግሎት አማካይነት መሥራቱን የሚገልጽ ከሆነ ግን፣ ኮምፒውተሩ የግለሰብ ሆኖ ሳለ ፈቃዱ የቀድሞው ድርጅት ነው፤ አለዚያም ክራክ ተደርጓል።

ክራክ የተደረገ ፕሮግራም የሚያስከትለው ችግር የሕግ ብቻ አይደለም። እነዚህን ፕሮግራሞች ለመጫን ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩን የጸረ ቫይረስ ጥበቃ ማጥፋት ይጠየቃል፤ በዚያው ክፍተት የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ወይም ፋይሎችን ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ጎጂ ፕሮግራሞች ሊገቡ ይችላሉ። የአንድ ሱቅ የሽያጭ መዝገብ፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የባንክ አገልግሎት የይለፍ ቃል የሚቀመጠው በዚሁ ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ክራክ ተደርገው የሚሸጡ ኮምፒውተሮች ሁሉ የራሳቸው ፈቃድ የሌላቸው አይደሉም። ለድርጅቶች የሚሰጠው የዊንዶውስ የጅምላ ፈቃድ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ሌላ ሕጋዊ የዊንዶውስ ፈቃድ እንዲኖረው የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከድርጅት የወጣ ላፕቶፕ ከፋብሪካ የመጣውን ቁልፍ በማዘርቦርዱ ላይ እንደያዘ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሻጩ ወይም ጫኙ ይህን ሳያጣራ በእጁ የሚገኘውን ቅጂ ከነአክቲቬተሩ ስለጫነበት ብቻ ሕጋዊው ኮምፒውተር ሕገ ወጥ ቅጂ ተሸክሞ ይቀራል። ከዊንዶውስ 10 ወይም 11 ጋር የተመረተ ኮምፒውተር ከሆነ፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነፃ የሚወርደውን መጫኛ በመጠቀም ከፋብሪካ የመጣውን ዓይነት፣ ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ፣ እንደገና መጫንና ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ፈቃዱን ይመልሰዋል። ዓይነቱን አሳስቶ መጫን፣ ለምሳሌ ለሆም በተሰጠ ቁልፍ ላይ ኢንተርፕራይዝ መጫን፣ ለዚህ ችግር የተለመደ መነሻ ነው።

ከቀድሞው ድርጅት ጋር ያልተፋታ ኮምፒውተር

ከፈቃድ ጋር የሚቀራረብ፣ በጉዳት ግን የሚበልጥ ሌላ ችግር አለ። ድርጅቶች ኮምፒውተሮቻቸውን ከርቀት ለማስተዳደር በአምራቾች መዝገብ ላይ በስማቸው ያስመዘግባሉ። ድርጅቱ ኮምፒውተሩን ሲያስወግድ ምዝገባውን ካልሰረዘ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ የድርጅቱን ሠራተኛ መለያና የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። ሻጩ ኢንተርኔት ሳያገናኝ አዘጋጅቶት ከነበረ ችግሩ በሽያጩ ዕለት አይታይም። ምዝገባውን መሰረዝ የሚችለው ያስመዘገበው ድርጅት ወይም በእርሱ ጥያቄ አገልግሎት ሰጪው በመሆኑ፣ ሀርድ ዲስክ መቀየርም ሆነ ደጋግሞ ፎርማት ማድረግ መፍትሔ አይሆንም። በአፕል ማክ ኮምፒውተሮች ላይም ተመሳሳይ ጥበቃ ያለ ሲሆን፣ የቀድሞው ባለቤት መለያውን ሳያነሳ የሸጠው ማክ ለገዥው ላይከፈት ይችላል።

ስለሆነም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ኮምፒውተሩ በገዥው ፊት ወደ መነሻ ሁኔታው እንዲመለስና ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ እስከ መጨረሻው እንዲዘጋጅ መጠየቅ ይገባል። ይህ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ሲያጋጥም ከግዢው መቆጠብ ይመረጣል።

ኦፊስና ሌሎች ፕሮግራሞች

ከዊንዶውስ በተለየ፣ የኦፊስ ፕሮግራሞች በኮምፒውተሩ ላይ መገኘታቸው ፈቃድ መኖሩን አያሳይም። ማይክሮሶፍት 365 የተባለው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ክፍያ የሚሠራ ሲሆን ፈቃዱ የከፋዩ መለያ ነው። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከው ላፕቶፕ በላኪው መለያ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ ዘመዱ ክፍያውን ሲያቋርጥ ወይም ኮምፒውተሩን ከመለያው ሲያነሳ ሰነዶች ተከፍተው ይነበባሉ እንጂ ሊስተካከሉ አይችሉም። በተጨማሪም የላኪው የግል ሰነዶች ለተቀባዩ፣ የተቀባዩም ለላኪው ክፍት ሆነው ሊቆዩ ስለሚችሉ ኮምፒውተሩ በአዲሱ ባለቤት መለያ እንደገና መዘጋጀት አለበት።

መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት አውቶካድና የፎቶሾፕ አዳዲስ ቅጂዎችም የሚሸጡት በደንበኝነት ክፍያ በመሆኑ ከኮምፒውተሩ ጋር አይተላለፉም። በሀገራችን የሒሳብ ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው ፒችትሪ፣ አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ዓመታት ቢያልፉም፣ አሮጌዎቹ ቅጂዎች እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ይታያል። የድርጅትን ሒሳብ ምንጩ ባልታወቀ ቅጂ ላይ መመሥረት ኮምፒውተሩ በተበላሸ ጊዜ ፕሮግራሙን መልሶ ለመጫንም ሆነ የአምራቹን እገዛ ለማግኘት እንደማያስችል ታሳቢ መደረግ አለበት።

የአማርኛ መጻፊያን በሚመለከት፣ ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ባለመብት ያላቸው የንግድ ሥራዎች ናቸው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የራሱ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ስላለው ለዚህ ዓላማ ክራክ የተደረገ ቅጂ መፈለግ አስፈላጊ አይደለም። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ደግሞ ሊብረኦፊስ፣ በዊንዶውስ ምትክ ኡቡንቱ በነፃና በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ።

የቅጂው ዕድሜ

ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስም ቢሆን የአምራቹ ድጋፍ ያበቃበት ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና፣ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋ ሲነጻጸር የፕሮሰሰሩን ትውልድ መጠየቅ ስለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ወደፊት በሕጋዊ መንገድ ሊሻሻል መቻሉን ለማወቅም ይጠቅማል።

የሕግ ማዕቀፍ

የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። አዋጁ አንዳንድ ሥራዎችን ለግል አገልግሎት ማባዛትን በተወሰነ ደረጃ ቢፈቅድም ይህ ልዩ ሁኔታ ለኮምፒውተር ፕሮግራም በጠቅላላው አይሠራም፤ የተፈቀደው የቅጂው ሕጋዊ ባለቤት ለመጠቀም ወይም ለመጠባበቂያ የሚያስፈልገውን ማባዛቱ ነው። በመሆኑም «ለግሌ ነው የምጠቀምበት» የሚለው መከራከሪያ ክራክ የተደረገ ቅጂን ሕጋዊ አያደርገውም።

አንዳንድ ሻጮች ፈቃዱ በውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ የተላለፈ መሆኑን ይናገራሉ። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በዩዝድሶፍትና ኦራክል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ላልተወሰነ ጊዜ የተሸጠ ፈቃድ ለሌላ ሊሸጥ እንደሚችል አረጋግጧል። ይኸው ውሳኔ ግን ሻጩ የራሱን ቅጂ ከአገልግሎት ውጭ እንዲያደርግ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ለብዙ ተጠቃሚዎች የተገዛን አንድ ፈቃድ ከፋፍሎ መሸጥንም አልፈቀደም። በአሜሪካ በ2010 በቨርነርና አውቶዴስክ ጉዳይ የተሰጠው የይግባኝ ውሳኔ ደግሞ ለአምራቹ ያደላ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ መምጣቱ ብቻ የፈቃድ ማስረጃ አይሆንም።

በገዥና በሻጭ መካከል ያለውን ግንኙነት በሚመለከት፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ገዥው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በእነዚህ ድንጋጌዎች ለመጠቀም ደረሰኝ ወይም የሽያጭ ውል ያስፈልጋል። በሰነዱ ላይ የኮምፒውተሩ ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ የተጫነው ዊንዶውስ ዓይነት፣ ፈቃዱ ከኮምፒውተሩ ጋር መተላለፉ፣ በቀድሞ ድርጅት መዝገብ ላይ አለመኖሩ እንዲሁም ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ሻጩ ዋጋውን የሚመልስበት ጊዜ ቢገለጽ ይመረጣል። «ላፕቶፕ አንድ» ብቻ የሚል ደረሰኝ በክርክር ጊዜ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ቅሬታ ያለው ሸማች አስቀድሞ ለሻጩ በጽሑፍ ካስታወቀ በኋላ በአካባቢው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። የቅጂ መብትን የተመለከተ ማብራሪያ የሚሰጠው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ኮምፒውተሩን አስቀድመው የገዙ ዜጎች ከዚህ በላይ በተገለጸው መንገድ የአክቲቬሽን ገጹን መመልከት ይችላሉ። ክራክ የተደረገ መሆኑ ከተረጋገጠ አክቲቬተሩን ብቻ ማጥፋት በቂ አይደለም፤ አስፈላጊ ሰነዶችን በውጭ ዲስክ ላይ ገልብጦ ዊንዶውስን ከምንጩ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። ሰነዶቹ ሲገለበጡ የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎች አብረው መወሰድ የለባቸውም። በአሮጌው ቅጂ ላይ ሲሠራባቸው የነበሩ የባንክ፣ የኢሜይልና የማኅበራዊ ሚዲያ የይለፍ ቃሎች ከአዲሱ ጭነት በኋላ፣ ወይም ከዚያ በፊት በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ መቀየር አለባቸው።